ሰባት ሰርተፊኬት ይዤ ኦዲት ፈራሁ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለንደን የምኖር የሙዚቃ ቴራፒስት ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሁለት ቀን ደግሞ የልዩ ፍላጎት ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት እሠራለሁ። ተመዝግቤ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምዝገባ ማደሻው ሲደርስ የጤናና የእንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ለሲፒዲ (ለተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ) ኦዲት መመረጤን ጻፈልኝ። ሰባት ሰርተፊኬት አለኝ፤ አብዛኞቹ ግን አሠሪዎቼ በግድ ያስወሰዱኝ የኦንላይን ሥልጠናዎች ናቸው። ማስታወሻ የመያዝ ልማድ የለኝም። ባለፈው ዓመት ደግሞ ወልጄ አምስት ወር ቤት ነበርኩ። አሜሪካ ያለች የሙያ ጓደኛዬ እነሱ በአምስት ዓመት 100 ነጥብ እንደሚጠየቁ ስትነግረኝ ይብሱን ደነገጥኩ። እኛ ስንት ሰዓት ነው የሚፈለግብን? ላለፈው አንድ ዓመት ክራር እየተማርኩ ነው፤ ይቆጠርልኛል? ወይስ ቶሎ ብዬ የኒውሮሎጂክ ሙዚክ ቴራፒ (የአንጎልና የነርቭ ችግር ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ የሙዚቃ ሕክምና ዘዴ) ኮርስ ልግባ? — የጨነቀኝ፣ ከሰሜን ለንደን»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኦዲቱን ለጊዜው ያቆዩትና መጀመሪያ ምዝገባዎን ያድሱ። የሙዚቃ ቴራፒስቶች የሚመዘገቡበት የአርት ቴራፒስቶች ምዝገባ በየሁለት ዓመቱ ሜይ 31 ላይ ያበቃል። ማደሱ አንድ ሥራ ነው፣ ለኦዲቱ የሚያቀርቡት ጽሑፍና ማስረጃ፣ ማለትም ፕሮፋይሉ፣ ሌላ ሥራ። በየዙሩ ለፕሮፋይሉ ሲጨነቁ ሰንብተው ማደሱን የሚረሱ ሰዎች አይጠፉም። ፕሮፋይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ማረጋገጫውን ካልሞሉና ክፍያውን ካልፈጸሙ ስምዎ ከመዝገቡ ይወጣል። «ሙዚክ ቴራፒስት» በብሪታንያ በሕግ የተጠበቀ መጠሪያ ስለሆነ ከመዝገብ የወጣ ሰው በዚያ ስም ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ አካውንትዎ ገብተው ያድሱ። ፕሮፋይሉ እየታየ ባለበት ጊዜ ሁሉ ምዝገባዎ እንዳለ ይቆያል።

ቀጥሎ፣ ማንም ጠርጥሮዎት አይደለም። ምክር ቤቱ በእያንዳንዱ የማደሻ ዙር ከየሙያው 2.5 በመቶውን በዕጣ ይመርጣል። ዕጣው ውስጥ የሚገቡት በመዝገቡ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ እርስዎ ደርሶዎታል፣ በቃ።

ወደ ሰዓቱ ጥያቄ እንምጣ። ብሪታንያ ውስጥ የሚጠየቅ የሰዓት ወይም የነጥብ ቁጥር የለም። ጓደኛዎ ያለችው ግን ትክክል ነው፤ በአሜሪካ የቦርድ ሰርተፊኬት ያለው የሙዚቃ ቴራፒስት በአምስት ዓመት 100 ነጥብ ይሰበስባል፣ ከዚያ ውስጥ 3ቱ በሙያ ሥነ ምግባር ላይ መሆን አለባቸው። ኢትዮጵያ ውስጥም የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ሲያድስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ይቆጠርለታል። እኛ አገር ነጥብና ሰርተፊኬት አብረው ስለሚሄዱ የሰርተፊኬቱ ብዛት ያድነኛል ብሎ ማሰብ የሚገርም አይደለም። የብሪታንያው ምክር ቤት ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የተማሩት ነገር ሥራዎ ላይ ምን ለወጠ? ያ ለውጥስ ተገልጋዩን ምን ጠቀመው?

ይህንን የሚመዝንባቸው አምስት መስፈርቶች አሉ። በቀን የተደረደረና ያልተቋረጠ መዝገብ ይኑርዎት፤ ትምህርትዎ የተለያየ ዓይነት ሆኖ አሁን ለሚሠሩት ወይም ወደፊት ለሚሠሩት ሥራ የሚበጅ ይሁን፤ የሥራዎ ጥራት እንዲሻሻል ይጣሩ፤ ተገልጋዩ እንዲጠቀም ይጣሩ፤ ሲጠየቁ ይህንን ሁሉ በራስዎ ጽሑፍ፣ ከማስረጃ ጋር ያቅርቡ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ «ይጣሩ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የሞከሩት ነገር ያልሠራበት ጊዜ ካለ ለምን እንዳልሠራና ምን እንዳስተማረዎት ከጻፉ ያልፋል፤ እንዲያውም ሁሉም ነገር ተሳካ ከሚል ወረቀት በላይ ይታመናል። «ተገልጋይ» ሲባልም ታካሚው ብቻ አይደለም። የሚያሠለጥኑት ተማሪ፣ ምክር የሚሰጡት መምህር፣ አብረውዎ የሚሠሩ የእንክብካቤ ሠራተኞችም ይገባሉ።

ፕሮፋይሉ ራሱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሥራ ታሪክ ማጠቃለያ፣ እስከ 500 ቃል። ሁለተኛ፣ መስፈርቶቹን እንዴት እንዳሟሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ እስከ 1,500 ቃል። ሦስተኛ፣ ማስረጃ፤ ከማስረጃዎቹም አንዱ በቀን የተደረደረው ዝርዝር ነው። የሚታየው ያለፉት ሁለት ዓመታት ሥራ ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመትዎ የወሰዱት ኮርስ የቱንም ያህል ቢወዱት አይረዳዎትም።

ዝርዝሩን ይጀምሩ፣ ሌላው ከእሱ ነው የሚወጣው። ማስታወሻ አልያዝኩም ያሉት የሚያስፈራዎትን ያህል ከባድ ችግር አይደለም። የስልክዎን ካላንደር፣ ኢሜይልዎን፣ ለሱፐርቫይዘርዎ (ሥራዎን በየጊዜው አብሮዎት ለሚገመግመው ባለሙያ) የከፈሉበትን የባንክ መዝገብ፣ የገዟቸውን መጻሕፍት ደረሰኝ፣ የቡድን ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን በወር በወር ይዘው ይቀመጡ። አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ቀን፣ ምን እንዳደረጉ፣ ዓይነቱ፣ የማስረጃ ቁጥር። ዓይነቶቹን ምክር ቤቱ ራሱ ከፋፍሏቸዋል፤ ከሥራ ላይ የሚገኝ ትምህርት፣ የሙያ እንቅስቃሴ፣ መደበኛ ትምህርት፣ በራስ የሚደረግ ጥናትና ሌላ። ብዙ ቴራፒስቶች የሚዘነጉት የመጀመሪያውን ነው። ሱፐርቪዥን፣ ከንግግር ቴራፒስቷ ጋር ስለ አንድ ልጅ የተወያዩበት ጊዜ፣ ከሥራ በኋላ የራስን ቀረጻ ሰምቶ መገምገም፣ ተማሪን ክፍለ ጊዜ ማስመልከት፣ ሁሉም ይገባሉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ከሰባቱ ሰርተፊኬቶች ይልቅ ሠላሳና አርባ መስመር ሥራ ተደርድሮ ያገኙታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያኔ ያልጻፉትን ማስታወሻ አሁን ጽፈው የያኔ ቀን አይስጡት። ለፕሮፋይሉ ሲሉ ዛሬ የጻፉትን የግምገማ ማስታወሻ የዛሬ ቀን ያድርጉበትና «ወደኋላ ተመልሼ ስገመግመው» ብለው ይጀምሩ። ይህ ነውር የለውም። ቀን ማስመሰል ግን ከሲፒዲ ጉድለት ወጥቶ የታማኝነት ጉዳይ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሚታየው በሌላ፣ በባሰ መንገድ ነው።

የወሊድ ፈቃዱ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ ብለው ይጻፉ። ከሦስት ወር በላይ የሆነ ክፍተት ምክንያቱ ካልተገለጸ ገምጋሚው መጠየቁ አይቀርም፤ ከተገለጸ ግን ማንም አያነሣብዎትም። ኦዲቱ እንዲዘገይልዎ መጠየቅም ይቻላል፤ የሚፈቀደው ግን እንደ ሕመም፣ እንደ ወሊድ ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት በማስረጃ ሲቀርብ ነው። አንዴ የተላለፈለት ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ያለ ዕጣ ይመረጣል። እርስዎ አሁን ሥራ ላይ ስላሉ ባያስተላልፉት ይሻላል ባይ ነን፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ያው ወረቀት ነው የሚጠብቅዎት።

ከዝርዝሩ ውስጥ አምስት ነገር ይምረጡ። አምስት ያልነው ለሒሳቡ ነው። ከ1,500 ቃል ውስጥ 150ው መዝገብዎን እንዴት እንደሚይዙና ዓይነቱ እንዴት እንደተሰባጠረ ለማስረዳት ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ 230 ቃል ቢሰጡ 1,150 ይሆናል፤ የቀረው 200 ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ዕቅድ ነው። አሥር ነገር የሚያስገቡ ሰዎች ለእያንዳንዱ ሦስት አረፍተ ነገር ይደርሳቸውና አንዱም ሳይብራራ ይቀራል። ሲመርጡ መንከባከቢያውንም ትምህርት ቤቱንም ይንኩ። ሁለት ቀን ከልጆች ጋር እየሠሩ ፕሮፋይሉ ስለ አረጋውያን ብቻ ካወራ ገምጋሚው የቀረው ግማሽ የት ሄደ ይላል።

ጽሑፉ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ እንደሚጽፉት እናውቃለን፤ ይዘቱን እንዲያዩት በአማርኛ እናስቀምጠው። የደከመው እንዲህ ይላል፦ «በመርሳት ሕመም ላይ የተሰጠ የሦስት ሰዓት ወርክሾፕ ተካፍያለሁ። በጣም ጠቃሚ ነበር። በራሴ እንድተማመን አድርጎኛል፤ ለነዋሪዎችም የተሻለ አገልግሎት እንድሰጥ ረድቶኛል።» ይህን ከጥርስ ሐኪም ፕሮፋይል ውስጥ ቢጨምሩት እንኳ አንድ ቃል መለወጥ አያሻውም።

የጠነከረው ደግሞ ይህን ይመስላል፦ «ነዋሪዎች ከክፍለ ጊዜው ከወጡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሚዳስ የተባለውን፣ በመርሳት ሕመም ላሉ ሰዎች የሙዚቃ ቴራፒ የተዘጋጀውን መመዘኛ አንብቤ በሁለት ሱፐርቪዥን ተለማመድኩት። ትኩረትን፣ ምላሽን፣ በራስ ተነሣሽነት መጀመርን፣ ተሳትፎንና ደስታን በአምስት መስመር ላይ ምልክት በማድረግ የሚሞላ ነው። ለስምንት ሳምንት እኔም የእንክብካቤ ሠራተኛዋም ሞላነው። ከሰዓት በኋላ የሚገቡት ሁለት ነዋሪዎች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየንም፤ ሠራተኛዋ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ እንደሚጫጫናቸው ነገረችኝ። ወደ ጠዋት አዛወርናቸው። አንደኛው መዝፈን ጀመረ፤ ሌላኛዋ አሁንም አልተለወጠችም፣ በሱፐርቪዥን እያየሁት ነው። ማስረጃ 4 እና 5።» ልዩነቱ ቃላቱ መብዛታቸው አይደለም። ጉድለት አለ፣ የተማሩት ነገር አለ፣ የተለወጠ አሠራር አለ፣ ማን እንደተጠቀመና ማን እንዳልተጠቀመ አለ። ይህ ናሙና ነው፤ ቅርጹን ይውሰዱ እንጂ ያልሆነውን ሆነ አይበሉ።

እነዚያ በግድ የወሰዷቸው የኦንላይን ሥልጠናዎች ብቻቸውን ከቀረቡ በእርግጥ ደካማ ናቸው፤ ለሁሉም ሠራተኛ የተሰጠ ስለሆነ ስለ እርስዎ ምንም አይናገርም። ነገር ግን ሙዚቃው ጋ ሲደርስ ምን እንዳስለወጠዎት መጻፍ ይችላሉ። የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠናውን እንውሰድ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሣሪያ በየመካከሉ መጠረግ አለበት። ከበሮ ደግሞ ቆዳ ነው። ቆዳ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ በፀረ ተሕዋስያን መጥረጊያ ደጋግመው ካሹት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ ያም ሆኖ በደንብ አይጸዳም። የክራሩ ገበቴም እንደዚሁ በቆዳ የተለበጠ ነው። ይህን ተረድተው ለቡድኑ የሚዞረውን ከበሮ በፕላስቲክ ገጽ ታምቡር ተክተው፣ የቆዳ ከበሮውን እርስዎ ብቻ እንዲመቱት አድርገው፣ የመሣሪያ ማጽጃ ቅጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ከሆነ፣ ከሰባቱ ሰርተፊኬቶች አንዱ ከትልቅ ኮንፈረንስ የበለጠ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ማስረጃዎ የሰርተፊኬቱ ቅጂና የቅጹ ፎቶ ይሆናል። የሕፃናት ጥበቃ ሥልጠናውንም እንዲሁ ይዩት፤ ሰነዱን ትተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን እንዳስለወጠ ይፈልጉ።

ክራሩ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ለራስ ደስታ የተማሩት ከሆነ አይቆጠርም። ሥራ ላይ ከዋለ ግን ከሁሉ በፊት የምናስገባው እሱን ነበር። መንከባከቢያዎ ውስጥ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ዘፈን ያደጉ አረጋውያን አሉ? ካሉ በትምህርትዎና በሥራዎ መካከል ያለውን ድልድይ በዝርዝር ያሳዩ። ለምሳሌ ሙሉ ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ፒያኖ ላይ የተለመደውን አጃቢ ኮርድ ሲጨምሩበት ፋ እና ሲ ሾልከው ይገባሉ፤ ለአንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ዘፈኑ የሚያውቁት ዘፈን መሆኑ ይቀራል። ክራሩን ከተማሩ ወዲህ ኮርዱን ትተው ዶ እና ሶልን ብቻ ከሥር መያዝ ጀምረው ይሆናል። ሚ እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉ ግማሽ ትዝታ ይመጣል፤ ሁለት ክር እስኪቃኝ ድረስ ግን የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው አእምሮው ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ስለዚህ ቅኝቱን ከክፍሉ ሳይገቡ መምረጥን ተምረው ይሆናል። ገምጋሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ ቢያንስ አንዱ ከእርስዎ ሙያ ነው፤ ክራር ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል በአንድ አረፍተ ነገር ይንገሩት። መምህርዎ በአማርኛ የጻፉልዎት ወረቀት ካለ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ያያይዙት። የአንዱን አዛውንት ወግ ሲጽፉም የመጡበትን ከተማ፣ የልጆቻቸውን ሥራ አይጥቀሱ። የለንደን ሐበሻ ትንሽ ነው፤ ስም ባይጻፍም በሁለት ፍንጭ ይታወቃሉ።

ማስረጃ ላይ ብዙ ሰው ያበዛዋል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። የክፍለ ጊዜ ቪዲዮና የድምፅ ቀረጻ አይላኩ፤ ታካሚው ለሕክምናው እንጂ ለእርስዎ ኦዲት አልፈቀደም። የሱፐርቪዥን ማስታወሻ ከሆነ ስሞቹንና የተወለዱበትን ቀን ያጥፉ፤ በኮምፒውተር የሚደረብ ጥቁር ሳጥን ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንዳንዴ አያጠፋውም፣ ስለዚህ አትመው፣ በማርከር ሸፍነው፣ መልሰው ስካን ያድርጉት። ከዚያ ይልቅ ሱፐርቫይዘርዎ ከስንት ጀምሮ፣ በስንት ሳምንት አንዴ፣ በምን ጉዳይ ላይ እንደተገናኛችሁ የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፉልዎ ንጹሕ ነው። ዛሬ ይጠይቋቸው፤ ሜይ ላይ ሁሉም ሰው ደብዳቤ ፈላጊ ነው።

የሥራ ታሪክ ማጠቃለያው ላይ ብዙ አይድከሙ። የት እንደሚሠሩ፣ ከእነማን ጋር፣ ኃላፊነትዎ ምን እንደሆነ፣ በሁለቱ ዓመታት ምን እንደተለወጠ። ገምጋሚው ትምህርትዎ ከሥራዎ ጋር መግጠሙን የሚያየው እዚህ ስለሆነ ከቅጥር ደብዳቤ መገልበጥ አይጠቅምም። የምክር ቤቱ የብቃት መስፈርቶች ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023፣ የሥነ ምግባር መስፈርቶቹ ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ተሻሽለው በሥራ ላይ ውለዋል። አዲሶቹ ስለ እኩልነትና አካታችነት፣ ስለ ባለሙያው የራሱ ጤንነት፣ ስለ ዲጂታል ክህሎት ጠበቅ ይላሉ። እነሱን አንብበው አንድ አሠራር ከቀየሩ ዝግጁ የሆነ ሥራ ነው፣ ወጪም የለውም።

ውጤቱ ከአራት አንዱ ነው። ያልፋሉ፤ ወይም ተጨማሪ መረጃ ይጠየቃሉ፤ ወይም ለማሟላት ሌላ ሦስት ወር ይሰጥዎታል፤ ወይም ከመዝገብ ይወጣሉ፣ ያም ቢሆን ይግባኝ አለው። ተጨማሪ መረጃ ሲጠየቁ ፕሮፋይሉን እንደ አዲስ አይጻፉት። የተጠየቁት የትኛውን መስፈርት እንደሆነ ይነግሩዎታል፤ እሱን ብቻ ይመልሱ። በተለይ አራተኛውን ይጠንቀቁ፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ራሱ መማር ጽፎ ስለ ተገልጋዩ ዝም ይላል።

ኒውሮሎጂክ ሙዚክ ቴራፒውን አሁን አይግዙት። ኮርሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሜይ ሊያልቅ ሲል የወሰዱት ኮርስ ሥራ ላይ ለመዋል ጊዜ ስለማያገኝ አንድ ሰርተፊኬት ይጨምርልዎታል እንጂ ሦስተኛውንና አራተኛውን መስፈርት አይነካም። ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ዕቅድ ግን አስቡበት ብለን የምንመልሰው ጥያቄ ነው። በማይክል ታውትና ባልደረቦቹ የተደራጀው ይህ ዘዴ ሃያ ቴክኒኮች አሉት፤ እርምጃን በምት የሚያስተካክለው ቴክኒክ ይበልጥ የሚታወቀው ስትሮክና ፓርኪንሰን ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። መንከባከቢያዎ እንዲህ ያሉ ነዋሪዎች ካሉት፣ ፊዚዮቴራፒስቱም አብሮዎት ለመሥራት ፈቃደኛ ከሆነ ገንዘቡ አይባክንም። ያለ ፊዚዮቴራፒስት ግን የእርምጃ ሥራ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ፤ መውደቅ አለ። አብዛኛው ሥራዎ የመርሳት ሕመም ካለባቸውና ከማይናገሩ ልጆች ጋር ከሆነ ያንኑ ገንዘብ በወር አንድ ተጨማሪ ሱፐርቪዥን ላይ ቢያውሉት፣ በተለይ ከኦቲዝም ልጆች ጋር ረጅም ልምድ ካለው ሱፐርቫይዘር ጋር፣ ብዙ ያተርፋል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሱፐርቪዥን እንደወጡ፣ ባቡር ላይ ሆነው ቢሆን እንኳ፣ ቀኑን፣ ያነሡትን ጉዳይና በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀይሩትን አንድ ነገር በስልክዎ ላይ ይጻፉ።